ሰፊ ለሰፊ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ሦስተኛው ሱቅ ገባሁ፤
«የሞተር ቦት ጫማ፣ ሰፋ ያለ» አልሁ።
ቢጁ፣ ሻጩ ልጅ፣ እግሬን አየና
ሳቁን በክርኑ አፍኖ ያዘና
አንዱን አመጣልኝ። ዚፑ ግማሽ ወጥቶ
ቆመ እንደ ሊፍት፣ መብራቱ ጠፍቶ።
«ይለጠጣል» አለ፣ «ሁለት ሳምንት ታገሥ።»
እኔ ነኝ እንጂ የምለጠጠው፣
ጫማውማ የት ሊደርስ?

ሸምሱ ከላይኛው አልጋ ቁልቁል እያየኝ
«አንተ ሰው፣ ልክህን እወቅ» ብሎ መከረኝ።
ልኬንማ አውቃለሁ።
የሚሸጠው ጠፋ።

አባቴ ኮምቦልቻ፣ ጋራዥ ይሠራ የነበር ጊዜ፣
አዲስ ጫማ ሲገዛ ምላጭ አይለይም ከኪሱ ሁልጊዜ፤
ገና ሳይጫማው፣ በትንሿ ጣት በኩል፣
ጎኑን ይሰነጥቅና
«አሁን ተዋወቅን» ይል።
ክረምት ሲመጣ ግን ካልሲው
እስከ መስከረም አይደርቅም ነበር።
እኔ ደግሞ ሞተር ላይ ነኝ፤ ነሐሴ አስፋልቱ ሶል ያቀልጣል፣
ዝናቡ በዓመት አንዴ ይመጣል፣
ሲመጣ ግን ያንን ዓመት ሙሉ ይዞት ይመጣል።

አርባ ስድስት ገዛሁ። በጎን ልክ፣ በቁመት ትርፍ፤
ከጣቴ ፊት ለፊት አንድ ክፍል ባዶ፣ ያለ ደጃፍ።
ሸምሱ «አከራየው» አለ፣
«አልጋ ይህን ያህል በተወደደበት አገር!»
ሳቅን።
ማርሹ ግን አልሳቀም።
አልናህዳ አደባባይ ላይ፣ ማታ ሁለት ሰዓት አካባቢ፣
ያ ባዶ ጫፍ ከማርሹ ሥር ተሰክቶ
ከነሦስት ብርያኒዬ ተነጠፍሁ።
ጉልበቴ በነፃ ቆሰለ፤
ብርያኒውን ከፈልሁ።

ጉል ዘማንን የጠቆመኝ የላውንድሪው ልጅ ነው።
የፔሻዋር ሰው፣ ደረጃ ሥር፣ አንድ በርጩማ ያለው።
የፒዛ ካርቶን ላይ አቁሞ፣ በእርሳስ እግሬን ዞረ፤
አልሳቀም፤ ዝም ብሎ
ከገዛ ጫማው እግሩን አውጥቶ ጎኔ አስቀመጠ።
የእሱ ከእኔ ይሰፋ ነበር።

አርባ ሦስት አመጣሁለት፣ አዲስ፣ ሽታው ያልወጣ።
እንደ አባቴ ጎኑን ቀደደው፤
ቀዶ ግን አልተወው፤
ካረጀ የሞተር ወንበር ቆዳ ቆረጠ፣
ሰፋ፣ ፈታ፣ እንደገና ሰፋ፣
በስፌቱ ላይ ሰም አቅልጦ በአውራ ጣቱ ገፋ።
በእኛ ቋንቋ፣ አልሁት፣ የሰፋውም ሰፊ ነው፣
የሚሰፋውም ሰፊ።
ዐረብኛዬ እዚያ ላይ አለቀ።
እሱ መርፌውን አፉ ውስጥ እንደያዘ
አንገቱን ነቀነቀ።

በጥር አንድ ሌሊት ወረደ።
ኪንግ ፋይሰል መንገድ ባሕር ሆነ፤ ታክሲዎች ባሉበት ቆሙ፤
ሞተረኞች ፌስታል በእግራቸው አሥረው
እንደ ተጠቀለለ ዕቃ ከሱቅ ጥግ ታደሙ።
እኔ እግሬን ውሃው ውስጥ አወረድሁና ጠበቅሁ።
ሰሙ ደጅ ሲበሰብስ፣ ወርቁ ደረቅ ነበር።

ግራው ማለቴ ነው።
ቀኙ እኩለ ሌሊት ላይ፣ በአንዲት ስፌት፣
ትንሽ አለቀሰ።

ለጉል ዘማን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ፤
ቦቱን ገልብጦ፣ ቀዳዳዋን በጥፍሩ ሲፈልግ ቆየ።
ገንዘብ ስዘረጋለት
«የግራውን ክፈል» አለ፣ «የቀኙ ዕዳዬ ነው።»

ስምንት ሆነን በምናድርበት ክፍል፣ በር ላይ ጫማ ይጠፋል፤
የመሐሪ ስኒከር፣ የሸምሱ ነጠላ ጫማ ሁለቴ ተሰርቋል።
የእኔ ቦት ግን ያለ ቁልፍ ያድራል።
አንድ ሌሊት የሞከረው አለ፤
ጠዋት ዚፑ ተከፍቶ፣ ከቦታው ሁለት እርምጃ ርቆ
ደረጃው አፍ ላይ አገኘሁት።
ሰውየው ትቶት ሄዷል፣
ልኩን አውቆ።